ከካርቶን የልጆች የማስመሰያ ልብስ አሠራር፦ ባጃጅ፣ አባ ኮዳ እና ቆሮሶ

በሐዋሳ የትምህርት ዓመቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ለወላጆች አነስተኛ ትርኢት ያዘጋጃሉ፤ ልጆቹም እንስሳ፣ ዛፍ፣ ፍራፍሬ ወይም ተሽከርካሪ መስለው እንዲቀርቡ ይጠየቃሉ። ኅዳር 29 በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የባህል ልብስ ስለሚለበስ ወላጅ ያን ያህል አይቸገርም። የሰኔው ትርኢት ግን ያስጨንቃል፤ ምክንያቱም የባጃጅ ወይም የአሞራ ልብስ ተሰፍቶ የሚሸጥበት ሱቅ በቀላሉ አይገኝም፣ ቢገኝም ለአንድ ቀን ለሚለበስ ነገር ያን ሁሉ ብር ማውጣት ልብ አይፈቅድም። ካርቶን ግን በየሱቁ በር ላይ ተቆልሎ ይውላል። ይህ መመሪያ ከዚያ ካርቶን ከ3 እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ላላቸው ልጆች ሦስት ልብሶችን እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል፦ የከተማዋን ጎዳናዎች የሞላውን ባጃጅ፣ በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልለት ቆሞ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ የተባለ አሞራ፣ እንዲሁም ቆሮሶ የተባለውን የሐይቁን ዓሣ።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት መወሰን ያለበት ነገር የልብሱ ክብደት በልጁ ሰውነት ላይ የት እንደሚያርፍ ነው። የካርቶን ልብስ ትርኢቱ ሳያልቅ የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ ስላላማረ ሳይሆን ስለማይመች ነው፤ ራስ ላይ የተደፋ ሣጥን አንገት ያደክማል፣ ዓይን ይጋርዳል፣ ትንፋሽ ያሞቃል፣ ልጁም ብዙ ሳይቆይ አውልቆ ይጥለዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ሦስቱም ልብሶች አንድ ሕግ ይከተላሉ፤ ዋናው ክብደት በትከሻ ላይ ያርፋል፣ ፊትና እጅ ነጻ ይሆናሉ፣ በአንገት ዙሪያ የሚታሰር ምንም ነገር አይኖርም።

ካርቶኑን መምረጥ

ወላጆች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያመጡት የቴሌቪዥን ወይም የማቀዝቀዣ ካርቶን ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ሁሉን ነገር የሚያወጣ ይመስላል። ሆኖም እንዲህ ያለው ካርቶን ብዙ ጊዜ ድርብ ስለሆነ ውፍረቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ለመቁረጥ ያስቸግራል፣ ለትንሽ ልጅም ይከብዳል። ለማጠናከሪያ ቁራጭ እንዲሆን ጥቂት ማስቀመጥ ይበቃል። ለልብሱ አካል የሚስማማው ፓስታ፣ ብስኩት ወይም ሳሙና በጅምላ የሚመጣበት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነጠላ ካርቶን ነው። ለመንቁር፣ ለክንፍና ለሌላ ጥቃቅን ነገር ደግሞ የሻይ ቅጠልና የጥርስ ሳሙና መያዣው ዓይነት ስስ ካርቶን ያስፈልጋል። የእንቁላል ማስቀመጫውን ካርቶን አይጣሉ፤ ጎድጓዶቹ ተቆርጠው ሲወጡ መብራትም፣ ዓይንም፣ ቅርፊትም ይሆናሉ።

በአሮጌ ገበያ አካባቢ ያሉ ጅምላ አከፋፋዮችና በፒያሳ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች ካርቶን አያጡም፤ ብዙዎቹ ግን ለቆራሌው አጣጥፈው ስለሚያስቀምጡት ጠዋት ሄዶ መለመን ሳይሆን ከዋዜማው ተነጋግሮ ማስቀመጥ ይሻላል። ጥቂት ብር ቢጠየቁ አይገረሙ፤ ካርቶን ዛሬ ዋጋ አለው። ሲመርጡ ጥጉ ያልተረገጠ፣ መሐሉ ያልታጠፈ ይውሰዱ። ዘይት የጠጣ ካርቶን ኮላም ቀለምም አይዝም። የፀረ ተባይ፣ የማዳበሪያ ወይም ጠንካራ ሽታ ያለው የጽዳት ኬሚካል የመጣበት ካርቶን ልጅ ቆዳ አጠገብ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ከመጋዘን የመጣ ካርቶን በረሮና የበረሮ እንቁላል ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ውጭ ዘርግተው ያራግፉት፣ ለግማሽ ቀንም ፀሐይ ይምታው፤ ፀሐዩ እርጥበቱንም ያወጣለታል።

የቦዩን አቅጣጫ ማወቅ

ካርቶን ከዳር ሲታይ በሁለት ጠፍጣፋ ወረቀቶች መካከል የተሸበሸበ ወረቀት ይታያል። ይህ ሽብሽብ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ቦዮች ይሠራል፤ የካርቶኑ ጥንካሬም ድክመትም የሚመጣው ከእነዚህ ቦዮች ነው። ካርቶኑን በሁለት እጅዎ ይዘው ለማጠፍ ይሞክሩ፤ በአንደኛው አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሌላኛው ግን ይታገላል፣ ሲሸነፍም ተሰብሮ የማይጠፋ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በቀላሉ የታጠፈው እጥፋቱ ቦዩን ተከትሎ ስለሄደ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚፈለግ ነገር፣ ለምሳሌ የሣጥን ግድግዳ ወይም የአሞራ ላባ፣ ቦዩ በርዝመቱ እንዲሄድ ሆኖ መቆረጥ አለበት። እንዲጠማዘዝ የሚፈለግ ነገር፣ ለምሳሌ የባጃጁ አፍንጫ ወይም የራስ ቀለበት፣ ቦዩ ጥምዙን አቋርጦ ከታች ወደ ላይ እንዲቆም ይደረጋል፤ ከዚያም ካርቶኑን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ወደ ታች እየሳቡ ደጋግመው ቢያለሰልሱት ሳይሰበር ክብ ይሆናል። ብዙ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ቁራጮች የአንዱ ቦይ የሌላውን አቋርጦ እንዲሄድ ሆነው ይጣበቃሉ፤ እንዲህ የተጣበቀ ቁራጭ በየትኛውም አቅጣጫ አይታጠፍም። ወረቀት ላይ ንድፍ ሲሠሩ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የቦዩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ይሳሉ። ሥራው ሲጀመር ይህን ቀስት የዘለለ ሰው የኋላ ኋላ በፕላስተር ሲጠጋግን ያመሻል።

መሣሪያና ማጣበቂያ

ከተር ከተለዋጭ ምላጮቹ ጋር፣ መቀስ፣ የብረት ማስመሪያ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር፣ የአናጢ ነጭ ኮላ፣ የሱሪ ላስቲክ፣ መርፌና ክር እንዲሁም አሮጌ አንሶላ ካለዎት ሌላ የሚገዛ ነገር የለም። ከተሩን የሚይዘው አዋቂ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ተጭኖ መቁረጥ ምላጩን ያሸሻል፣ ካርቶኑንም ይቀዳዋል፤ በቀላሉ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመላለስ ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። ማስመሪያውን የያዘው እጅ ምንጊዜም ከምላጩ ጀርባ ይሁን፣ ከሥር ሌላ ካርቶን ይነጠፍ፤ ካርቶን ምላጭን ቶሎ ስለሚያደንዝ ምላጩ መጎተት ሲጀምር ሳይሳሱ ይለውጡት። የሚታጠፍ መስመር አይቆረጥም፤ ቀለሙ ባለቀው እስክሪብቶ በማስመሪያ ተጭነው ካሰመሩት በኋላ ቢያጥፉት ልክ በመስመሩ ይታጠፋል።

የአግራፍ ሽቦ ለልጅ ልብስ አይሆንም፤ ጫፉ ተነሥቶ ይቧጭራል። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ በደንብ ቢይዝም ትነቱ ጎጂ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ አይከፈት። ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል፤ የተጣበቀው ነገር መጽሐፍ ተጭኖበት ቢያንስ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት።

ለሰፊ ቦታና ወረቀት ለማልበስ ግን ከቤት የሚሠራው የዱቄት ማጣበቂያ ርካሽም ጥሩም ነው። አንድ የሻይ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጎላ እስኪያጣ ይበጠበጣል፤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ይፈላና ብጥብጡ በቀስታ እየተማሰለ ይጨመርበታል፤ በትንሽ እሳት እየተማሰለ እንደ አጥሚት ወፈር ሲልና መልኩ ከነጭነት ወደ ፈካ ያለ ግራጫ ሲለወጥ ይወርዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሻጋታውን ያዘገየዋል። በሐዋሳ ሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሠራ።

ልኬት

ልጁን ልብሱን በሚለብስበት ቀን የሚለብሰውን የውስጥ ልብስና ጫማ አድርጎ ይለኩት። የሚያስፈልጉት አራት ልኮች ናቸው፦ የትከሻ ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ የወገብ ዙሪያ እና የራስ ዙሪያ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የራስ ዙሪያ በአብዛኛው ከ49 እስከ 52 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ወይም ሹሩባ ካለ ግን በፀጉሩ ላይ መለካት ግድ ነው። ለራስ ቀለበት 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለወገብ ሣጥን ደግሞ በእያንዳንዱ ጎን ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ንድፉን በቀጥታ ካርቶን ላይ ከመሣል ይልቅ በጋዜጣ ቆርጦ ልጁ ላይ ማስደገፍና መራመድ፣ መቀመጥ፣ እጅ ማንሣት መቻሉን ማየት ካርቶን ያድናል። ልጁ መቀመጥ ካልቻለ፣ ተራው እስኪደርስ ቆሞ መጠበቁ ነው።

ባጃጅ

ይህ ከሦስቱ ብዙ ሥራ የሚጠይቀው ነው፤ ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይመከራል። ልጁ ወለልና ክዳን በሌለው ሣጥን መካከል ይቆማል፤ ሣጥኑ ወገቡን ከብቦ በትከሻው ላይ በተሻገሩ ማንጠልጠያዎች ይሸከመዋል።

1. ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሣጥን ይፈልጉ። ወለሉን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ከላይ በኩል ደግሞ ልጁ የሚገባበትን ሞላላ ቀዳዳ ብቻ ቆርጠው ዳሩን ዙሪያውን ከ6 ሳንቲ ሜትር ባላነሰ ስፋት ይተዉት፤ ይህ ዳር ከሌለ ሣጥኑ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ።

2. የባጃጅ ፊት ጠባብና ክብ ስለሆነ የሣጥኑን የፊት ግድግዳ ቆርጠው ያውጡና በምትኩ ቦዩ ከታች ወደ ላይ የቆመ ረጅም ቁራጭ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዙረው ያያይዙ። መጀመሪያ በወረቀት ፕላስተር ያቁሙት፤ ቅርጹ ካስደሰተዎት በኋላ ከውስጥ ኮላ የተቀባ የጨርቅ ቁራጭ ይለጥፉበት።

3. የፊት መስተዋቱ መስታወት የሌለው ክፈፍ ብቻ ይሁን፤ ቁመቱም ከልጁ ደረት እንዳያልፍ ይደረግ። በአራት ምሰሶ የቆመ ጣሪያ ለመጨመር ይፈተኑ ይሆናል፤ እኔ አልመክርም። ከሐይቁ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ንፋስ ጣሪያውን እንደ ሸራ ይዞት ልጁን ያዞረዋል፣ በመድረክ ላይም ከጎኑ የቆመውን ልጅ ፊት ይመታል። ባጃጅነቱን የሚናገረው አፍንጫውና ሦስቱ ጎማዎች ናቸው።

4. ጎማዎቹን የሾርባ ሳህን አስቀምጠው ይሳሉና ከወፍራሙ ካርቶን ይቁረጡ። ሁለቱ ከኋላ ጎን፣ አንዱ ከአፍንጫው ሥር ይለጠፋሉ። የፊተኛው ከሣጥኑ ግርጌ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ታች ከወረደ ልጁ ሲራመድ በጉልበቱ ይመታዋል።

5. የፊት መብራቱ የእንቁላል ማስቀመጫው ጎድጓዳ ነው። ታርጋው ላይ ልጁ የሚወደው ቁጥር ይጻፍ። በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ እውነተኞቹ ባጃጆች እንደሚያደርጉት አንድ ጥቅስ ይጨምሩ፤ ተመልካች የሚስቀው በእሱ ነው፣ ጥቅሱንም ልጁ ራሱ ቢመርጥ ጥሩ ነው።

የማንጠልጠያው አሠራር ከሌላው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ከአሮጌ አንሶላ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጨርቆች ተቀድደው በርዝመታቸው ይታጠፉና ይሰፉ፤ ቀጭን ገመድ ትከሻ ስለሚቆርጥ አይተካቸውም። በሣጥኑ የላይ ዳር ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ቦታ ይመረጣል። በእነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ከውስጥ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ማጠናከሪያ፣ ቦዩ የሣጥኑን ቦይ አቋርጦ እንዲሄድ ሆኖ፣ በኮላ ይለጠፋል፤ እስኪደርቅ ድረስ አይነካም። ከደረቀ በኋላ በመሐሉ ጨርቁ የሚያልፍበት ስንጥቅ ይቆረጣል፣ ጨርቁ ከላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ በአጭር የእርሳስ ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ይቋጠራል። እርሳሱ ስንጥቁን አቋርጦ ስለሚተኛ ጨርቁ ቢጎተትም አይወጣም፤ ክብደቱም በአንድ ነጥብ ሳይሆን በመላው ማጠናከሪያ ላይ ይከፋፈላል። ጨርቆቹ በልጁ ጀርባ ላይ የመስቀል ቅርጽ ሠርተው መሻገር አለባቸው፤ ቀጥ ብለው ከወረዱ ከጠባብ ትከሻ ላይ በየደቂቃው ይንሸራተታሉ። ርዝመታቸው የሚስተካከለው ልጁ ለብሶት ሳለ ነው፤ የሣጥኑ የላይ ጠርዝ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እጁን ዝቅ አድርጎ መሪውን መያዝ በሚችልበት ቦታ ይቁም። መሪው ከተጠቀለለ ካርቶን ይሠራል፤ በሁለት ክር ከሣጥኑ ጋር ቢያያዝ አይጠፋም።

አባ ኮዳ

የሐዋሳ ልጅ ይህን አሞራ ስለሚያውቀው ትንሽ ስሕተት ቢኖር መጀመሪያ የሚያርመው እሱ ነው። ስለዚህ ከመሥራትዎ በፊት ልጁን ወደ አሞራ ገደል ይዘው ሄደው አብረው ቢመለከቱ መልካም ነው። ራሱ መላጣና ቀላ ያለ፣ መንቁሩ ረጅምና ወፍራም፣ ጀርባውና ክንፉ ጥቁር ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ከአንገቱ ሥር ደግሞ ስሙን ያሰጠው ኮዳ የመሰለ ከረጢት የተንጠለጠለ ነው። እግሩ ከሩቅ ነጭ ቢመስልም ቆዳው ጥቁር ነው፤ ነጭ ያደረገው አሞራው ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ በእግሩ ላይ የሚለቀው ኩስ ነው። ለእኛ ሥራ ነጭ ረጅም ካልሲ ይበቃል፤ ምክንያቱን ለልጁ የነገሩት እንደሆነ ግን ለጓደኞቹ ሁሉ እንደሚያወራ ይጠብቁ።

ልብሱ በአሮጌ እጅጌ ሙሉ ጥቁር ወይም ግራጫ ቲሸርት ላይ ይመሠረታል። ካርቶኑ የሚያርፈው በቲሸርቱ ላይ እንጂ በቀጥታ በልጁ ቆዳ ላይ ስላልሆነ አይቧጭርም። ለክንፉ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ብዙ ላባዎች፣ ቦዩ በርዝመታቸው እየሄደ፣ ጫፋቸው ክብ ሆኖ ይቆረጣሉ። ለአንድ ክንፍ ከ25 እስከ 30 ላባ ይበቃል።

ላባውን ላባ የሚያስመስለው መላጡ ነው። የእያንዳንዱን ላባ አንድ ፊት በእርጥብ ስፖንጅ አንድ ጊዜ ብቻ ያብሱ፤ ውሃው እንዳይንጠባጠብ ስፖንጁ ተጨምቆ መሆን አለበት። ሁለት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ የላዩን ወረቀት ከጥጉ ይዘው በቀስታ ይላጡት። ሲነሣ ከሥሩ የተሸበሸበው ወረቀት ተጋልጦ ይቀራል፣ ሽብሽቦቹም ጎን ለጎን ተሰልፈው የላባ ጭረት ይመስላሉ። ግማሹ ወረቀት ተላጦ ግማሹ ተጣብቆ ቢቀር አይጨነቁ፤ አባ ኮዳም ላባው የተበጠረ አሞራ አይደለም። የተላጡት ላባዎች በጋዜጣ መካከል ተደርገው መጽሐፍ ተጭኖባቸው ይደረቁ፤ ፀሐይ ላይ ብቻቸውን ቢተዉ ይንጋደዳሉ።

ላባዎቹ ከመሰፋታቸው በፊት ቀለም ይቀባሉ። ከዚያም በእያንዳንዱ ራስ ላይ በወፍራም መርፌ ሁለት ቀዳዳ ይበሳና ከቲሸርቱ እጅጌ የታች ጠርዝ ጋር በክር ይያያዛል። የመጀመሪያው ረድፍ ከታች ይሰፋል፤ ቀጣዩ የፊተኛውን ክሮች እንዲሸፍን ሆኖ ከላዩ ይደረባል። ረጃጅሞቹ ወደ አንጓው፣ አጫጭሮቹ ወደ ትከሻው ይሁኑ። በብብት ዙሪያ አራት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ፤ ያ ቦታ በላባ ከተሞላ ልጁ እጁን ማውረድ አይችልም።

መንቁሩ ፊት ላይ አይለጠፍም፤ ከግንባር በላይ ይወጣል። ከስስ ካርቶን ወደ 22 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ተቆርጠው በመሐላቸው ይታጠፉና ጠርዝ ለጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ይገጠማሉ፤ ውስጡ ባዶ ይሁን። የራስ ቀለበቱ ብቻውን ይህን አይሸከምም፣ ወደ ዓይን ይደፋል። መፍትሔው ከግንባር ተነሥቶ በአናት ላይ አልፎ እስከ ማጅራት የሚወርድ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሌላ ቀለበት መጨመር፣ በማጅራት በኩል ደግሞ ቀለበቱን ከፍቶ በሱሪ ላስቲክ ማገናኘት ነው። ከአገጭ ሥር የሚያልፍ ላስቲክ አያስፈልግም። የመንቁሩ ጫፍ ሹል ሆኖ እንዳይቀር በሁለት ዙር ፕላስተር ይደንዝዝ፤ ከልጁ ዓይን ይልቅ የጎረቤቱ ልጅ ዓይን ነው ስጋቱ።

ኮዳው አንድ ሮዝ ካልሲ ነው። በጥቂት ሶፍት ሞልተው አፉን ይስፉትና ከቲሸርቱ የደረት አካባቢ ጋር ያያይዙት፤ በአንገት ላይ አይንጠልጠል።

ቆሮሶ

ጊዜ ለሌለው ወላጅና ለ3 ወይም ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆነው ይህ ነው። ሁለት ሞላላ ካርቶኖች፣ አንዱ በደረት አንዱ በጀርባ ሆነው፣ በትከሻ ላይ በሁለት የጨርቅ ማንጠልጠያ፣ በጎን ደግሞ በላስቲክ ይያያዛሉ። ቆሮሶ ጠፍጣፋ ዓሣ ስለሆነ እያንዳንዱ ካርቶን የዓሣውን አንድ ጎን ያሳያል፤ ራሱ ወደ አንድ ክንድ፣ ጭራው ወደ ሌላው ክንድ ይዞራል። በጀርባው ላይ ከራሱ ጀርባ እስከ ጭራው አጠገብ የሚደርሰው አንድ ረጅም ክንፍ አይረሳ፤ በእሾህ የተሞላ ስለሆነ ጠርዙ እንደ መጋዝ ይቆረጥ፣ ጫፎቹ ግን ይደንዝዙ። ቅርፊቱ ከእንቁላል ማስቀመጫ ወይም ከግማሽ ክብ ስስ ካርቶን ከጭራው ወደ ራሱ እየተደራረበ ይለጠፋል። የካርቶኑ ግርጌ ከልጁ ጭን አጋማሽ በታች አይውረድ።

ጠርዝና ቀለም

የተቆረጠ ካርቶን ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል። ቆዳ የሚነካ ማንኛውም ጠርዝ፣ በተለይ በአንገት፣ በብብትና በወገብ አካባቢ፣ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፤ ይህ ቦዩንም ስለሚደፍነው ቀለሙ እኩል ይይዛል። በካርቶኑ ላይ የታተመው ጽሑፍ በአንድ ዙር ቀለም አይጠፋም። አስቀድሞ ነጭ የውሃ ቀለም ወይም በዱቄት ማጣበቂያ የተለጠፈ ጋዜጣ ቢለብስና ቢደርቅ ከላዩ የሚቀባው ትንሽ ቀለም ብቻ ይሆናል። አንድ ፊት ብቻ የተቀባ ካርቶን ሲደርቅ ይጣመማልና ጀርባውንም በስሱ ይቅቡት።

ለባጃጁ ሰማያዊ ከነጭ ጋር፣ ለአሞራው ጥቁር በነጭ ተበርዞ ጥቂት ሰማያዊ ጠብ ሲልበት፣ ለዓሣው ብርማ ግራጫ ያምራል። የዘይት ቀለም ሽታው ለቀናት ስለሚቆይ ለልጅ ልብስ አይመረጥም። መቀባቱን ለልጆቹ ይተዉላቸው፤ መስመሩ ቢዛነፍም መድረክ ላይ ከሩቅ አይታይም፣ ልጁም የራሱን ሥራ በደስታ ይለብሳል።

ዝናብና የትርኢቱ ቀን

ሰኔ ላይ ክረምቱ ስለሚገባ ካርቶን እርጥበት ጠጥቶ ይለሰልሳል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ ተበጥብጦ በመላው ልብስ ላይ ቢቀባ ካፊያን ይቋቋማል፤ ዶፍን ግን ምንም አያቆመውም፣ ስለዚህ ልብሱ በትልቅ ፌስታል ተሸፍኖ ይወሰድ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ደርሶ ይልበሰው። ለብሶት በባጃጅ ወይም በታክሲ መሄድ ለልብሱም ለልጁም አደገኛ ነው።

ከትርኢቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ልጁ ልብሱን ለብሶ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ይራመድ፣ ደረጃ ይውጣ፣ ይቀመጥ፣ ይጨፍር፤ ያለ አዋቂ እርዳታ ማውለቅና ሽንት ቤት መሄድ ይችል እንደሆነ ይታይ። ከዚያ በኋላ ትከሻውንና ብብቱን ገልጠው ቀይ ምልክት ካለ ያ ቦታ በጨርቅ ይደልደል ወይም ይቆረጥ። ካርቶንና ወረቀት ቶሎ እሳት ስለሚይዙ ሻማ፣ የቡና ከሰል ወይም ምድጃ ባለበት ቦታ ልብሱ አይለበስ፤ ይህ በተለይ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ቤት ለሚቀጥለው ግብዣ የሚሠራ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ የወረቀት ፕላስተር፣ መቀስና ክር የገባበት መርፌ ይያዙ፤ መንቁር ቢታጠፍ ከውስጡ የእርሳስ ቁራጭ ገብቶ ከውጭ በፕላስተር ይታሰራል፣ ጎማ ቢረግፍም በዚሁ ይመለሳል። ከትርኢቱ በኋላ ማንጠልጠያዎቹን፣ ላስቲኩንና ቲሸርቱን ለይተው ያስቀምጡ። ሣጥኑን ማቆየት ከፈለጉ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ በማንጠልጠያው ሰቅለው ያቆዩት፤ ካልሆነም ፕላስተሩንና ጨርቁን ልጠው ካርቶኑን ጠፍጣፋ ካደረጉት ቆራሌው ሲመጣ ይወስደዋል።